ኪውሲኤክስ ፕላስን ከ40 ሜትር ወደ 20 ሜትር ባንድ ማዛወር፦ የአንድ የኪት ሬድዮ ግምገማ

ኪውሲኤክስ ፕላስ በአንድ ባንድ (የሞገድ ክልል) ላይ ብቻ፣ በሞርስ ኮድ ብቻ፣ እስከ 5 ዋት በሚደርስ ኃይል የሚሠራ የአማተር ሬድዮ ትራንሲቨር፣ ማለትም መላኪያና መቀበያ በአንድ ላይ የያዘ መሣሪያ ነው። የሚታወቀው በኪትነቱ ሲሆን፣ ገዢው ክፍሎቹን ራሱ በይዶ፣ ቶሮይድ በሚባሉት ቀለበቶች ላይ ሽቦውን ራሱ ጠምጥሞ፣ በመጨረሻም ሬድዮውን ራሱ አስተካክሎ ለሥራ ያደርሰዋል። ስለ ግንባታው ብዙ ተብሏልና እዚህ አልመለስበትም። የምመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለ40 ሜትር ባንድ ተገንብቶ በደንብ የሚሠራ ኪውሲኤክስ ፕላስ ወደ 20 ሜትር ባንድ ሲዛወር ምን ያህል እሺ ይላል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ አንድ ጊዜ ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው ለማዛወር ከማውቃቸው ትናንሽ ሬድዮዎች ሁሉ የሚመች ነው፤ በማብሪያ ማጥፊያ ባንድ የሚቀያየርበት ሬድዮ ለማድረግ ግን አይመከርም።

ሬድዮውን የሚያዘጋጀው ኪውአርፒ ላብስ የተባለው የእንግሊዛዊው አማተር የሃንስ ሰመርስ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ኪውሲኤክስ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ አገር ለተካሄደ የወጣት አማተሮች የበጋ ካምፕ ሲሆን፣ ለሕዝብ ሲቀርብ ዋጋው 49 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰርኩዩቱ ንድፍ ሳይለወጥ ቦርዱ ሰፍቶ ኪውሲኤክስ ፕላስ ተባለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚገባው ኪውሲኤክስ ሚኒ ተከተለ። ሁለቱም በ55 ዶላር ነበር ለገበያ የቀረቡት። ኪቱ ሲታዘዝ ገዢው ባንዱን ይመርጣል፤ በ40 እና በ20 ሜትር ምርጫዎች መካከል የሚለያዩት ጥቂት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) እና የሽቦው ዙር ብዛት ብቻ ናቸው። የማዛወሩ ሥራ በሙሉ የሚያርፈውም በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ባንድ መለወጥ ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ ላስረዳ። የ40 ሜትር ባንድ በሌሊት ሩቅ የሚደርስ፣ በቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች የሚወሰን ሞገድ ነው። 20 ሜትር በአንጻሩ የቀን ባንድ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ውቅያኖስ ተሻግሮ ይደርሳል። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሆኖ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘውን የአዲስ አበባን የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤን በትንሽ ኃይል ለመስማትም ሆነ ለመጥራት ለሚመኝ ሰው፣ ቀን ላይ ያለው አማራጭ ከ20 ሜትር የሚጀምር ነው። የአንቴናው ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ ለ7.030 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ የሚሆን ሽቦ 20 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ለ14.060 ሜጋኸርዝ ግን 10 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። በመናፈሻ ውስጥ በሁለት ዛፎች መካከል ለሚሰቀል አንቴና ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ማስተዋል አለባቸው። ቴክኒሺያን የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ በ40 ሜትር ከ7.025 እስከ 7.125 ሜጋኸርዝ በሞርስ ለመላክ ሲያስችል፣ በ20 ሜትር ላይ ለመላክ ግን አይፈቅድም፤ ለዚያ ጄኔራል የተባለው ደረጃ ያስፈልጋል።

ወደ ሬድዮው ልግባ። የኪውሲኤክስ ፕላስ ግማሽ አካል ስለ ባንድ ደንታ የለውም። ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጨው ኤስአይ5351ኤ የተባለው ቺፕ 7 ሜጋኸርዝንም ሆነ 14 ሜጋኸርዝን በእኩል ቅለት ይሰጣል። ለመቀበያው የሚያስፈልጉትን በ90 ዲግሪ የሚለያዩ ሁለት ምልክቶችም ይኸው ቺፕ በቀጥታ ስለሚያወጣቸው፣ በሌሎች ንድፎች ባንድ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መሠራት የነበረበት ክፍል እዚህ ከነጭራሹ የለም። ኤፍኤስቲ3253 የተባለው ማብሪያ ማጥፊያ ቺፕ የተቀበለውን ምልክት በቀጥታ ወደ ድምፅ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ማለትም የማይፈለገውን ጎን የሚያጠፋው የድምፅ ክፍልና 200 ኸርዝ ስፋት ያለው የሞርስ ፊልተር፣ የሚያየው ድምፅን ብቻ ነው። ድምፁ ከ7 ሜጋኸርዝ መጣ ከ14 ሜጋኸርዝ ለእርሱ ለውጥ የለውም። ሁሉን የሚቆጣጠረው ኤቲሜጋ328ፒም ፕሮግራሙ ሳይነካ አዲሱን ፍሪኩዌንሲ ይቀበላል። ንድፉን ከልብ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ረቂቁና አስቸጋሪው የሬድዮው ክፍል በባንድ ለውጥ ጊዜ መነካት አያስፈልገውም።

ባንዱ የሚገኘው በሦስት ቦታዎች ነው፤ በማስተላለፊያው መውጫ ፊልተር፣ በኃይል ማጉያው ኢንደክተር (በቀለበት ላይ በተጠመጠመው ሽቦ) እና በመቀበያው መግቢያ ትራንስፎርመር።

መውጫው ላይ ያለው ሎው ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል፤ ሌሎቹ ቢበላሹ የሚጎዳው የራስ ሬድዮ ሲሆን ይህ ሲበላሽ ግን የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። የኪውሲኤክስ ማጉያ ትራንዚስተሮቹን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ እየከፈተና እየዘጋ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከተፈለገው ፍሪኩዌንሲ ጋር ሁለት እጡን፣ ሦስት እጡን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች ያመነጫል። እነዚህን የሚያስቀረው ፊልተሩ ብቻ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ደንብ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠሩ የአማተር ማስተላለፊያዎች አላስፈላጊው ልቀት ከዋናው ምልክት ቢያንስ በ43 ዴሲቤል እንዲያንስ ያዛል፤ ይህም ከዋናው 20,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው፣ ከ5 ዋት ላይ ሲሰላም ሩብ ሚሊዋት ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ሊደርሱ ይችላሉ፤ መዘዛቸውም የተለያየ ነው። የ40 ሜትሩን ፊልተር ሳይለውጥ በ14 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ ሰው፣ ፊልተሩ ምልክቱን ስለሚያግደው ወደ አንቴናው የሚወጣለት ኃይል እጅግ ትንሽ ይሆናል፤ የታገደው ኃይልም ትራንዚስተሮቹን ያሞቃል። ጉዳቱ ያለው በእርሱ ላይ ነው፣ ወዲያውም ይታወቃል። በተቃራኒው የ20 ሜትር ፊልተር ገጥሞ በ7 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ ሰው ግን ሬድዮው የሚሠራ ይመስለዋል፤ የኃይል መለኪያውም ደህና ቁጥር ያሳየዋል፤ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ግን ያለ ምንም ከልካይ በ14 ሜጋኸርዝ ላይ ይወጣል። በ7.030 ሜጋኸርዝ የሚላክ ምልክት ሁለት እጡ በትክክል 14.060 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህም በትንሽ ኃይል የሚሠሩ አማተሮች በ20 ሜትር ላይ የሚገናኙበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ስለዚህ ወደ 20 ሜትር ያዛወረ ሰው ሬድዮው ወደ 7 ሜጋኸርዝ እንዲወርድ የሚፈቅድ መሆኑን አይቶ በዚያ ለመላክ መሞከር የለበትም። ፕሮግራሙ አይከለክለውም፤ መከልከል ያለበት ራሱ ባለቤቱ ነው።

ፊልተሩ ሰባት ክፍሎች ያሉት፣ አራት ካፓሲተሮችንና ሦስት ኢንደክተሮችን የያዘ፣ በአማተሮች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የተፈተነ ንድፍ ነው። ለ40 ሜትር ጫፍና ጫፍ ያሉት ካፓሲተሮች 270፣ መካከለኞቹ 680 ፒኮፋራድ ሲሆኑ፣ ለ20 ሜትር ወደ 180ና 390 ፒኮፋራድ ይወርዳሉ። በቢጫዎቹ ቲ37-6 ቶሮይዶች ላይ ዳርና ዳር ያሉት ኢንደክተሮች ከ21 ዙር ወደ 16፣ መካከለኛው ከ24 ወደ 17 ዙር ይቀንሳሉ። ዙር ሲቆጠር ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ያለፈበት እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ዙር መሆኑ መረሳት የለበትም። ያለውን ሽቦ ፈቶ ከመቀነስ ይልቅ አዲስ መጠምጠም ይሻላል፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ቀለበቱ ላይ እኩል ተዘርግቶ አይቀመጥም፣ መሸፈኛ ቀለሙም የመላጥ አደጋ አለው። ካፓሲተሮቹ ሲገዙ በሙቀት ዋጋቸው የማይለዋወጠውን ዓይነት መምረጥ ይገባል፤ ለኃይል ማጣሪያ የሚያገለግሉት ርካሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች እዚህ ቦታ የላቸውም።

የኃይል ማጉያው ሦስት ጎን ለጎን የተያያዙ ቢኤስ170 ትራንዚስተሮችን የሚጠቀምና ክላስ ኢ በሚባለው ስልት የሚሠራ ነው። ይህ ስልት ትራንዚስተሩ በሚከፈትበት ቅጽበት በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ የቀረበ እንዲሆን ያደርጋል፤ እነዚያ የብዕር ክዳን የማያክሉ ትራንዚስተሮች ያለ ሙቀት ማስተንፈሻ ብረት 5 ዋት የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ቅጽበቱን የሚወስነው ኢንደክተሩ ከትራንዚስተሮቹ የውስጥ ካፓሲታንስ ጋር የሚፈጥረው ቅኝት ስለሆነ፣ ፍሪኩዌንሲው ሁለት እጥፍ ሲሆን ኢንደክታንሱ ወደ ሩብ መውረድ ይኖርበታል፤ ኢንደክታንስ በዙር ብዛት ካሬ ስለሚያድግም የዙሩ ብዛት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ትክክለኛው ቁጥር በኪቱ መመሪያ ሠንጠረዥ ውስጥ ለየባንዱ ተሰጥቷል። ከ100 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መመሪያ በራሱ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዳለ ስለሚያስረዳ፣ ሬድዮውን መለወጥ የሚፈልግ ሰው በጭፍን አይሠራም።

የመቀበያው ትራንስፎርመር የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። በቀዩ ቲ50-2 ቀለበት ላይ አራት ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ ምልክቱን ከአንቴና ይቀበላል፣ ሁለቱ ምልክቱን ተቃራኒ አድርገው ለሁለት ከፍለው ለመቀበያው ያቀርባሉ፣ አራተኛውና ረጅሙ ከተስተካካይ ካፓሲተር ጋር ሆኖ ባንዱን ይቃኛል። ለ40 ሜትር ይህ ረጅም ጥቅል 38 ዙር ነው፤ ሲሰላ 7.1 ማይክሮሄንሪ ያህል ይሆናል፣ በ7.030 ሜጋኸርዝ ለመቃኘትም 72 ፒኮፋራድ ገደማ ይጠይቃል። በ30 ዙር ኢንደክታንሱ ወደ 4.4 ማይክሮሄንሪ ይወርድና በ14.060 ሜጋኸርዝ ላይ የሚፈለገው ካፓሲታንስ 29 ፒኮፋራድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተስተካካዩን ካፓሲተር ያግዝ የነበረው ቋሚ ካፓሲተር ሁሉ ከቦርዱ መነሣት አለበት፤ ከቀረ ቅኝቱ የቱንም ያህል ቢዞር ወደ 14 ሜጋኸርዝ አይወጣም። ትናንሾቹ ጥቅሎችም በሠንጠረዡ መሠረት ይቀንሳሉ።

የዚህ ትራንስፎርመር ስምንት የሽቦ ጫፎች እያንዳንዳቸው በተወሰነላቸው ቀዳዳ መግባት ስላለባቸው፣ አንዱ ጥቅል አቅጣጫው ከተገለበጠ መቀበያው የሚሰማ መስሎ ደካማ ይሆናል ወይም ጨርሶ ዝም ይላል። ሁሉንም ጥቅሎች በአንድ አቅጣጫ መጠምጠም፣ ጫፎቹን ከመቁረጥ በፊት በቀለም ምልክት ማድረግ፣ የሽቦውንም መሸፈኛ በመበየጃው ሙቀት በደንብ አቃጥሎ ብየዳው እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ከተበየደ በኋላ በመልቲሜተር የእያንዳንዱን ጥቅል መያያዝ መፈተሽ የማይታለፍ ነው፤ በእነዚህ ኪቶች ላይ ከሚያጋጥሙት ችግሮች የበዙት ከመሸፈኛው በደንብ ካልጸዳ ሽቦ የሚመጡ ናቸውና።

አሮጌዎቹን ክፍሎች ማውጣት አዲሶቹን ከመግጠም ይከብዳል። የቦርዱ ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች በብረት የተለበጡ ስለሆኑ፣ ክፍሉን በኃይል የሚጎትት ሰው ልባጡን አብሮ ይነቅለዋል። የሚሻለው የሚወገደውን ክፍል አስቀድሞ በመቁረጫ ቆርጦ፣ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ እያሞቁ ማውጣት፣ ከዚያም ቀዳዳውን በመዳብ ጥልፍልፍ ወይም በመምጠጫ ማጽዳት ነው። ከቤተሰቡ መካከል ለዚህ ሥራ ኪውሲኤክስ ፕላስን የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ሚኒው 95 በ63 በ25 ሚሊ ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ የሚገባ፣ ቦርዶቹ የተደራረቡ፣ አብዛኞቹ ክፍሎቹም በፋብሪካ የተበየዱ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ለጉዞ ድንቅ ነው፣ ለመቀየር ግን እጅ አያስገባም። የፕላሱ ቦርድ ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይደረስበታል።

ማስተካከሉ ከተጠበቀው በላይ ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሬድዮው የመሞከሪያ ምልክት በራሱ አመንጭቶ ወደ መቀበያው ስለሚያስገባና ጥንካሬውን በማያ ገጹ ላይ ስለሚያሳይ፣ ባለቤቱ ሌላ መሣሪያ ሳይፈልግ ተስተካካዩን ካፓሲተር እያዞረ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። የድምፅ ክፍሉ ማስተካከያዎች ከባንዱ ጋር ስለማይያያዙ ከቀድሞው ቦታቸው ብዙ አይርቁም፤ መፈተሹ ግን አይጎዳም። ትኩረት የሚያስፈልገው የ27 ሜጋኸርዙ ክሪስታል ልኬት ነው። በ7 ሜጋኸርዝ 30 ኸርዝ የነበረ ስሕተት በ14 ሜጋኸርዝ 60 ኸርዝ ይሆናል፤ በሞርስ ንግግር ይህ ባይታወቅም፣ ሬድዮው በውስጡ ይዞት ለሚመጣው ዊስፐር ለተባለው የሙከራ ስርጭት ግን የሚፈቀደው መስኮት በጠቅላላው 200 ኸርዝ ብቻ ነው። ጂፒኤስ መቀበያ ያለው ሰው ከሬድዮው ጋር አገናኝቶ በቀጥታ ሊለካው ይችላል።

የማስተላለፊያውን ሙከራ በአንቴና ፋንታ በሚገጠም የ50 ኦም የሐሰት ጭነት ላይ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መጀመር ይገባል። ኪውሲኤክስ ከ7 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ በ8 ወይም 9 ቮልት ጀምሮ የትራንዚስተሮቹን ሙቀት በጣት እየፈተሹ ወደ 13.8 ቮልት መውጣት ይቻላል። በእኔ ሬድዮ ላይ የተገኘው ኃይል በ40 ሜትር ከነበረው በመጠኑ ያንሳል፤ 4 ዋት ገደማ ነው። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ትራንዚስተሮቹ የሚያባክኑት ስለሚጨምር ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በሰሚው ዘንድም የአንድ ዴሲቤል ያህል ልዩነት አይሰማም። በ14.0971 ሜጋኸርዝ ዊስፐር ሳስተላልፍ ከሰዓት በኋላ ከአውሮፓ በርካታ ጣቢያዎች ምልክቱን እንደተቀበሉ መዘገባቸው ለዝውውሩ መሳካት ከማንኛውም መለኪያ የበለጠ ማረጋገጫ ሆኖልኛል። እያንዳንዱ የዊስፐር ስርጭት ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ያልተቋረጠ ሥራ ስለሆነ ግን፣ ለዚህ ጊዜ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ለትራንዚስተሮቹ ዕድሜ ይበጃል።

ሁለቱን ባንዶች በአንድ ሳጥን ውስጥ ማኖርስ? መውጫ ፊልተሩን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) መቀያየር አያስቸግርም፤ የተዘጋጁ ተሰኪ ፊልተሮችም አሉ። ነገር ግን የማጉያው ኢንደክተርና ያ ባለ አራት ጥቅል ትራንስፎርመር አብረው መቀየር አለባቸው። የትራንስፎርመሩን ስምንት ጫፎች በሪሌ ማዞር የሚጨምረው ሽቦና የባከነ ካፓሲታንስ፣ በ29 ፒኮፋራድ ብቻ የሚቃኘውን የ20 ሜትር መቀበያ ያዛባዋል። የሠሩት ሰዎች አሉ፣ ሥራቸውንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከድካሙ ጋር ሲመዘን ሁለተኛ ኪት ገዝቶ ሁለት ሬድዮ መያዝ የሚሻል ይመስለኛል። ብዙ ባንድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚሁ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ኪውኤምኤክስ ይመልከት፤ የመጀመሪያው ዓይነት ከ80 እስከ 20 ሜትር አምስት ባንዶችን ይሸፍናል፣ ከሞርስ ሌላ ዲጂታል ስርጭቶችንም ይሠራል። ብየዳው ግን ለጀማሪ የሚቀል አይደለም።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች፣ ማስተላለፊያ ከማስመጣትም ሆነ አየር ላይ ከመውጣት በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ቦታ ነው። ኪቱን አሁን ለሚያዝዝና በየትኛው ባንድ እንደሚጀምር ላልወሰነ ሰው የምመክረው በ40 ሜትር ጀምሮ፣ ለ20 ሜትር የሚያስፈልጉትን አራት የፊልተር ካፓሲተሮች፣ ሦስት ቢጫ ቀለበቶች፣ ሁለት ቀይ ቀለበቶች (ለማጉያው ኢንደክተር አንድ ቲ37-2 እና ለመቀበያው ትራንስፎርመር አንድ ቲ50-2)፣ ጥቂት ሜትር መሸፈኛ ያለው የመዳብ ሽቦና ሦስት ትርፍ ቢኤስ170 በዚያው ትእዛዝ ወይም ከኤሌክትሮኒክስ መደብር አስቀድሞ እንዲይዝ ነው። ዋጋቸው ከጥቂት ዶላር አያልፍም፤ የጠፋ አንድ ካፓሲተር ለብቻው ሲታዘዝ ግን ለማጓጓዣው የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል።